ሁለት ጊዜ የተበጠሰ ጅማትና ተመጥኖ የወጣ ደቂቃ፦ የአርቪዳስ ሳቦኒስ የጉዳይ ጥናት

የሊትዌኒያው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች አርቪዳስ ሳቦኒስ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ ሰባት የውድድር ዘመን ተጫውቷል። በእነዚያ ዘመናት ክለቡ ፖርትላንድ ትሬል ብሌዘርስ 542 የመደበኛ ውድድር ጨዋታዎችን አድርጎ ሳቦኒስ በ470ው ሜዳ ገብቷል፤ ከመቶ 87 ያህሉ መሆኑ ነው። ስለ አውሮፓ ቅርጫት ኳስና ስለ ጉዳት በተወራ ቁጥር ስሙ ቀድሞ የሚነሣ ሰው ይህን ያህል ተሰልፎ የሚያይ አንባቢ ግር ቢለው አይፈረድበትም። ሙሉ ጤነኛ ከሚባሉት የዛሬ ኮከቦች መካከልም በዓመት ከሚደረጉት 82 ጨዋታዎች ያን ያህሉን የማይሰለፉ ብዙ ናቸው።

እንግዲያው ጉዳቱ የወሰደበት ምንድን ነው? በሳቦኒስ ላይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር «እግሩ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ» በሚል ቁጭት ይጀምርና እዚያው ያልቃል። ቁጭቱ እውነት ቢኖረውም ብዙ አያስረዳም። የጨዋታዎቹንና የደቂቃዎቹን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚያይ ሰው ግን ነገሩ መልክ ይይዛል፦ ጉዳቱ ከሳቦኒስ ላይ የወሰደው የእግሩን ግፊትና በአንድ ጨዋታ ሊቆይ የሚችልባቸውን ደቂቃዎች ነው፤ የጉዳቱ መነሻ ለሁለት ጌታ ያገለገለበት፣ ዓመቱን ሙሉ ዕረፍት የሌለው መርሐ ግብር ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተገኘው ውጤትም አሠልጣኞቹ ደቂቃዎቹን የመጠኑበትን መንገድ ተከትሎ ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ካውናስ፣ ሞስኮና የማያልቀው ዓመት

ሳቦኒስ ታኅሣሥ 19 ቀን 1964 በሊትዌኒያዋ ካውናስ ከተማ ተወለደ። ሊትዌኒያ በጊዜው የሶቪየት ኅብረት ሪፐብሊክ ብትሆንም የቅርጫት ኳስ ፍቅሯ ከሶቪየት አገዛዝ ይቀድማል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በ1937 እና በ1939 የአውሮፓ ሻምፒዮን ነበረች። የካውናሱ ክለብ ዛልጊሪስ ለከተማዋ ሰው ከስፖርት ክለብም በላይ ስለ ነበር፣ ከሞስኮው የጦር ሠራዊት ክለብ ሲኤስካ ጋር በተገናኘ ቁጥር በሜዳው ላይ ከቅርጫት ኳስ ሌላ ነገርም አብሮ ይፋለም ነበር።

ሳቦኒስ ወደ ዛልጊሪስ ዋና ቡድን የገባው በ1981 ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ21 ሳንቲ ሜትር ደረሰ፤ ነገር ግን ተመልካቹን ያስደነቀው ቁመቱ አልነበረም። በዚያ ዘመን ረጅም ሰው ከቅርጫቱ ሥር ቆሞ ኳስ እስኪመጣለት ይጠብቅ ነበር። ሳቦኒስ ግን እንደ አጭር ሰው ኳስ እያነጠረ ይሮጣል፣ ከሩቅ ይወረውራል፣ ከኋላው የሚሮጠውን ጓደኛውን ሳያይ ያቀብላል፣ ከዚያም ተመልሶ የተጋጣሚውን ኳስ ከአየር ላይ ይመታል። ገና በ1982 ከሶቪየት ብሔራዊ ቡድን ጋር አሜሪካን ሲጎበኝ ከዩኒቨርሲቲዎቹ ኮከብ ራልፍ ሳምፕሰን ጋር ፊት ለፊት ተጋጥሞ አሜሪካኖቹን አስገርሟል። ከዚያ በኋላ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ወጣቱን ወደ ራሱ ትምህርት ቤት ለመውሰድ ብዙ ደክሞ ነበር፤ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ሊሳካለት የሚችል ነገር አልነበረም እንጂ።

የዛልጊሪስ ታላቅ ዘመን የመጣው በ1985፣ በ1986 እና በ1987 ሲሆን፣ ክለቡ ሲኤስካ ሞስኮን እያሸነፈ የሶቪየትን ዋንጫ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ። ይህ የክለቡ ሥራ ብቻ ነው። ክለቡ ሲያርፍ ብሔራዊ ቡድኑ ይጠራል፤ ከብሔራዊ ቡድኑ መልስ የክለቡ ዝግጅት ይጀመራል። ሳቦኒስ በ17 ዓመቱ በ1982 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በ1983 በአውሮፓ ሻምፒዮና ነሐስ አገኘ፣ በ1985 ሽቱትጋርት ላይ የአውሮፓን ወርቅና የውድድሩን ኮከብነት ወሰደ። ዕረፍት ሊባል የሚችል ነገር ያገኘው በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ጊዜ ቢሆን ነው፤ ያም ሶቪየት ኅብረት ውድድሩን በፖለቲካ ምክንያት ስለ ቀረች ነው።

1986ን ለብቻ ማየት ይጠቅማል። በሚያዝያ ወር ዛልጊሪስ ቡዳፔስት ላይ ለአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ፍጻሜ ቀርቦ፣ ድራዠን ፔትሮቪች በሚመራው ሲቦና ዛግሬብ 94 ለ82 ተሸነፈ፤ ሳቦኒስ የሲቦናውን ሚሆቪል ናኪችን በቡጢ በመምታቱ ከሜዳ ተባረረ። በበጋው በስፔን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ሶቪየት በግማሽ ፍጻሜው በዩጎዝላቪያ በ9 ነጥብ እየተመራች አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀራት ሦስት የሦስት ነጥብ ውርወራዎችን በተከታታይ አስገባች፤ የመጀመሪያውን የወረወረው የመሐል ተጫዋቹ ሳቦኒስ ነበር። በተጨማሪው ሰዓት 91 ለ90 አሸንፋ በፍጻሜው በአሜሪካ 87 ለ85 ተረታች። በዚያው ዓመት ዛልጊሪስ የክለቦችን የአህጉራት ዋንጫ አነሣ፤ ፖርትላንድም ሳቦኒስን በኤንቢኤ ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ በመጀመሪያው ዙር 24ኛ አድርጎ መረጠው። ከአንድ ዓመት በፊት አትላንታ ሆክስ 77ኛ አድርጎ መርጦት ዕድሜው 21 ስላልሞላ ምርጫው ተሰርዞ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ገና 21 ዓመቱ ነው፤ ተረከዙ ላይም ሕመም የጀመረው በዚሁ ወቅት አካባቢ ነው።

ጅማቱ

የተረከዝ ጅማት፣ ሐኪሞች አኪለስ የሚሉት፣ የባትን ጡንቻዎች ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዝ ሲሆን በሰውነታችን ካሉት ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ጠንካራው ነው። ሰው ሲሮጥና ሲዘል ይህ ጅማት የሰውነቱን ክብደት ብዙ እጥፍ ይሸከማል። ከተረከዙ ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ከፍ ብሎ ያለው ክፍል ደም በደንብ የማይደርሰው ስለሆነ ጥቃቅን ጉዳቶቹ ቶሎ አይጠግኑም፤ ዕረፍት ያላገኘ ጅማት ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰውም እዚያው ላይ ነው። ከተበጠሰ በኋላ በቀዶ ሕክምና ቢሰፋም እንኳ ወደ ውድድር ለመመለስ አንድ ዓመት ያህል ሊፈጅ ይችላል። ረዝሞ የዳነ ጅማት ደግሞ ባቱ ቢጠነክርም መሬቱን የመግፋት ኃይሉን አይመልስም፤ ሰውየው ይራመዳል፣ ይሮጣል፣ ግን አይነሣም። የእኛ አንባቢ ይህን ጅማት ከሌላ መድረክ ያውቀዋል፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን ለጥቂት ቀድሞ ወርቅ የወሰደው ይኸው ጅማት እያስቸገረው ሲሆን፣ ከውድድሩ በኋላም ቀዶ ሕክምና አድርጓል። ኃይሌ ግን የሰውነቱ ክብደት ከ60 ኪሎ የማያልፍ ሰው ነው። ሳቦኒስ ያን ሁለት እጥፍ ይመዝን ነበር።

በ1987 የሳቦኒስ ጅማት ተበጠሰ። በዚያ በጋ አቴንስ ላይ በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና አልነበረም፤ ሶቪየትም ያለ እሱ ለፍጻሜ ደርሳ በባለሜዳዋ ግሪክ በተጨማሪ ሰዓት 103 ለ101 ተሸነፈች። ጉዳቱ በቂ ጊዜ ተሰጥቶት ሳይጠግን ጅማቱ ዳግመኛ ተበጠሰ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ የተሰፋ ጅማት እንደገና ሲሰፋ ጠባሳው ይበዛል፣ የመለጠጥ ኃይሉም ይቀንሳል። ከ1987 በፊት የተቀረጹ ጨዋታዎችን ከኋለኞቹ ጋር ያስተያየ ሰው ልዩነቱን ለማየት የሕክምና ዕውቀት አያስፈልገውም። የመጀመሪያው ሳቦኒስ ኳሱን ከቅርጫቱ በላይ ሄዶ ያመጣዋል፤ የኋለኛው ኳሱ ወደሚወድቅበት ቦታ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቀዋል።

ሴኡል፦ ማን ወሰነ?

የጉዳዩ አከራካሪ ክፍል ይህ ነው። በ1988 የሶቪየት ባለሥልጣናት ያልተለመደ ፈቃድ ሰጥተው ሳቦኒስ ለማገገሚያ ሕክምና ወደ ፖርትላንድ ተላከ። የትሬል ብሌዘርስ ሐኪሞች ተከታተሉት፤ ክለቡም ወደፊት ሊያሰልፈው ተስፋ ያደረገበትን ተጫዋች እግር በገዛ እጁ የማዳን ዕድል አገኘ። በዚሁ ምክንያት የአሜሪካ ኦሊምፒክ ቡድን አሠልጣኝ ጆን ቶምፕሰን ክለቡን በግልጽ ተቹ፤ ለተጋጣሚያችን መሣሪያ እየጠገናችሁ ነው የሚል ዓይነት ወቀሳ ነበር። ነገሩ እንደፈሩትም ሆነ።

ሕክምናውን የያዙት ሰዎች እግሩ ለውድድር ገና ነው የሚል እምነት እያላቸው፣ የሶቪየት አሠልጣኝ አሌክሳንደር ጎሜልስኪ ሳቦኒስን ወደ ሴኡል ይዘውት ሄዱ። ኢትዮጵያ ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆማ በቀረችበት በዚያ ኦሊምፒክ ሶቪየት በመጀመሪያ ጨዋታዋ በዩጎዝላቪያ 92 ለ79 ተሸነፈች፤ ሳቦኒስም ለረጅም ጊዜ ከውድድር የራቀ ሰው መሆኑ ታየበት። ሆኖም ውድድሩ በገፋ ቁጥር እሱም ገፋ። በግማሽ ፍጻሜው ከአሜሪካው ዴቪድ ሮቢንሰን ጋር ተገናኘ። ሮቢንሰን ከሳቦኒስ ይልቅ ፈጣንና ዘላይ ነበር፤ ሳቦኒስ ግን እንደ ድሮው ከቅርጫቱ በላይ ከመፋለም ይልቅ ወደ ውጭ እየወጣ ሮቢንሰንን ከቅርጫቱ አካባቢ ጎትቶ ያርቀው ጀመር፤ ባዶ የቀረውን ቦታ ሪማስ ኩርቲናይቲስና ሻሩናስ ማርቹሊዮኒስ ተጠቀሙበት። ሶቪየት 82 ለ76 አሸነፈች። የሳቦኒስ ድርሻ 13 ነጥብና 13 ሪባውንድ (ከተሳተ ውርወራ በኋላ የተያዘ ኳስ) ነበር። በፍጻሜውም ዩጎዝላቪያን 76 ለ63 ረትተው ወርቁን ወሰዱ። አሜሪካ ተማሪዎችን ይዛ ኦሊምፒክ የሄደችበት የመጨረሻ ጊዜ ይህ ሆነ፤ በ1989 ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ለኤንቢኤ ተጫዋቾች በሩን ከፈተ።

ብዙ ጸሐፊዎች ጎሜልስኪን ብቻ በጥፋተኝነት ያቆማሉ። በእኔ ግምት ፍርዱ ትንሽ ይቸኩላል። ተጫዋቾቹ በኋላ ደጋግመው እንደተናገሩት፣ ወርቅ ካመጡ ወደ ውጭ ሄደው እንዲጫወቱ መንገድ እንደሚከፈትላቸው ተስፋ ተሰጥቷቸው ነበር፤ መንገዱም በእርግጥ ተከፈተ። በ1989 ማርቹሊዮኒስ ወደ ጎልደን ስቴት፣ አሌክሳንደር ቮልኮቭ ወደ አትላንታ፣ ሳቦኒስ ከጓደኛው ከቫልዴማራስ ሆሚቹስ ጋር ወደ ስፔን ሄዱ። ስለዚህ በሴኡል የተከፈለው የእግር ዋጋ የነፃነት ዋጋም ነበር፤ ከፋዩ ራሱ ምርጫ ቢሰጠው እምቢ ይል ነበር ብሎ መናገር አይቻልም። የማያጠያይቀው ነገር ግን ይህ ዓይነቱ ምርጫ በሐኪም እጅ መሆን ሲገባው፣ የአገር ክብር፣ የአሠልጣኝ ምኞትና የወጣቶች የመውጣት ጉጉት አንድ ላይ ሆነው ሐኪሙን ከክፍሉ ማስወጣታቸው ነው።

ቫላዶሊድና ማድሪድ

ሳቦኒስ በ1989 ኤንቢኤን ትቶ ቫላዶሊድን መምረጡ በጊዜው ብዙ ሰው አስደንቆ ነበር። የእግሩ ሁኔታ ከምክንያቶቹ አንዱ እንደ ነበረ ይነገራል፤ በጨዋታ ብዛት አንጻር ሲታይም ምርጫው ትክክል ይመስላል። የስፔን ሊግ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጨዋታ የሚጠይቅ ሲሆን ኤንቢኤ በሳምንት ሦስትና አራት ጨዋታ፣ በመካከሉም ረጅም የአውሮፕላን ጉዞ ይጠይቃል። ቫላዶሊድ ዋንጫ የሚጠበቅበት ታላቅ ክለብ ስላልነበረም ለሦስት ዓመት ያህል ሳቦኒስ ያለ ጫና አዲሱን ሰውነቱን የሚለምድበት ቦታ ሆነለት። የኋለኛው ሳቦኒስ፣ ማለትም ከቦታው ብዙ ሳይንቀሳቀስ ጨዋታውን የሚመራው ሰው፣ የተሠራው በነዚህ ዓመታት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

በ1992 ነፃዋ ሊትዌኒያ ባርሴሎና ላይ ተሳተፈች። ለነሐስ ሜዳሊያ የተጋጠመችው ከቀድሞዋ ሶቪየት ሪፐብሊኮች ከተውጣጣው ቡድን ጋር ነበር፤ 82 ለ78 አሸነፈች። ለሳቦኒስ ይህ ነሐስ ከሴኡሉ ወርቅ ይበልጥ እንደነበር ለመረዳት የካውናስን ታሪክ ማወቅ በቂ ነው።

በዚያው ዓመት ሪያል ማድሪድ ወሰደው። ሁለት የስፔን ሊግ ዋንጫዎች በ1993 እና በ1994 ተከተሉ፤ ከዚያም በ1995 የአውሮፓ ሻምፒዮንነት። በዛራጎዛው ፍጻሜ ሪያል ማድሪድ ኦሊምፒያኮስን 73 ለ61 ሲያሸንፍ ሳቦኒስ 23 ነጥብ አስቆጥሮ የፍጻሜ ውድድሩ ኮከብ ተባለ። የቡድኑ አሠልጣኝ ዜሊኮ ኦብራዶቪች ነበሩ፤ በሦስት የተለያዩ ክለቦች ሦስተኛ የአውሮፓ ዋንጫቸውን ያነሡት በዚያ ምሽት ነው። ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ ቡዳፔስት ላይ በቡጢ የጠፋው ዋንጫ በ30 ዓመቱ ገባ።

የራጁ ፎቶ

በ1995 ፖርትላንድ ድራፍት ያደረገውን ሰው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አስፈረመ። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ቦብ ዊትሲት ኋላ ላይ እንደተናገሩት፣ ከፊርማው በፊት የክለቡ ሐኪም የሳቦኒስን የራጅ ፎቶ አይቶ፣ በዚህ ራጅ ብቻ ሰውየው ለአካል ጉዳተኞች በተከለለው ቦታ መኪና የማቆም ፈቃድ ያገኛል ብሏቸው ነበር። ታሪኩ በቀልድነቱ ተደጋግሞ ተወርቷል። ለጉዳይ ጥናታችን ግን ቀልዱን ወደ ጎን ብለን ራጁ የሚያሳየውንና የማያሳየውን መለየት አለብን። ራጅ የአጥንቱን መፋጨት፣ የመገጣጠሚያውን መጥበብ፣ የቆየ ጉዳት የተወውን ጠባሳ ያሳያል። የሰውየውን ዓይን፣ እጅና የጨዋታ ንባብ አያሳይም። ዊትሲት ያስፈረሙት እነዚህን ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ ይህን ይመስላል። ሳቦኒስ በ31 ዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከተቀያሪ ወንበር እየተነሣ፣ በ73 ጨዋታ በአማካይ 23.8 ደቂቃ ተጫውቶ 14.5 ነጥብና 8.1 ሪባውንድ አስመዘገበ። ይህ በ36 ደቂቃ ሲሰላ ወደ 22 ነጥብና 12 ሪባውንድ ይጠጋል፤ የማንኛውም ዘመን ታላቅ የመሐል ተጫዋች ውጤት ነው። በአዲስ ተጫዋችነት ምርጫ ከዴሞን ስታውዳማየር ቀጥሎ፣ በምርጥ ተቀያሪነት ምርጫ ከቶኒ ኩኮች ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ከመደበኛው ውድድር በኋላ ያለው የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ የፕሌይ ኦፉ ጊዜ ሲመጣ ክለቡ ቁጠባውን ትቶ በዩታ ጃዝ ላይ በአምስት ጨዋታ በአማካይ 35 ደቂቃ አሰለፈው፤ ውጤቱ 23.6 ነጥብና 10.2 ሪባውንድ ሆነ። ፖርትላንድ ቢሸነፍም ሰውየው ለአጭር ጊዜ ሲጠየቅ አሁንም ምን ሊሰጥ እንደሚችል ታይቷል።

ፖርትላንድ ውስጥ የተጫወተበት መንገድ ለብቻው መገለጽ ይገባዋል። ሳቦኒስ ከነፃ ውርወራው መሥመር ጥግ ላይ ጀርባውን ወይም ትከሻውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ይቆማል። ኳሱ ይደርሰዋል። ሌላ ረጅም ተጫዋች በዚያ ቦታ ኳሱን ደረቱ ላይ አድርጎ ክርኑን ሲያሰፋ፣ እሱ በአንድ እጁ ይዞ ከሁሉም በላይ ከፍ ያደርገዋል፤ ማንም አይደርስበትም። ከዚያ ይጠብቃል። አንድ ጓደኛው ከጥግ ተነሥቶ ከተከላካዩ ጀርባ ሾልኮ ወደ ቅርጫቱ ሲሮጥ፣ ኳሱ በጀርባው በኩል ወይም ከትከሻው በላይ በአንድ የእጅ አንጓ እንቅስቃሴ ብቻ ይወጣና ሯጩ ለመዝለል በተነሣበት ቅጽበት እጁ ላይ ያርፋል። ተከላካዩ ይህን ፈርቶ ወደ ኋላ ካለ ሳቦኒስ ከዚያው ይወረውራል፤ ከሦስት ነጥብ መሥመር ውጭ ቢሆንም ግድ የለውም። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ተረከዙ ከመሬት ብዙ አልተነሣም። ዛሬ ኒኮላ ዮኪች የሚጫወተው ጨዋታ ለብዙ ወጣት ተመልካች አዲስ ፈጠራ ቢመስልም፣ ለፖርትላንድ አሮጌ ደጋፊዎች የሚያውቁት ነገር ነው።

የደቂቃ መዝገብ

ክለቡ በ1997–98 ሳቦኒስን ከሌላው ዘመን ሁሉ በላይ አሠራው። በ73 ጨዋታ በአማካይ 32 ደቂቃ ተጫወተ፤ 16.0 ነጥብና 10.0 ሪባውንድ ይዞም በኤንቢኤ ምርጡን ዓመቱን አሳለፈ። ከዚያ በኋላ ደቂቃዎቹ በየዓመቱ እየወረዱ ሄዱ፦ 27፣ ከዚያ 25.6፣ ከዚያ 21.3። የ1997–98 ሸክም ብቻ ነው ያወረደው ማለት አይቻልም፤ ዕድሜውም 33 ደርሶ ነበርና። ቢሆንም አቅጣጫው ግልጽ ነው። ከዚያ ዓመት ወዲህ ክለቡ ሳቦኒስን ወር እስኪሞላ መድረስ እንዳለበት ደመወዝ እየመጠነ ያወጣው ጀመር።

የቁጠባው ዓላማ እንደ 2000 ላለ ጊዜ ነበር። ማይክ ደንሊቪ የሚያሠለጥኑት፣ ስካቲ ፒፐንንና ራሺድ ዋላስን የያዘው ፖርትላንድ በምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ ጋር ሰባተኛ ጨዋታ ደረሰ። የሌከርስን ግዙፍ የመሐል ተጫዋች ሻኪል ኦኒልን በቁመትና በክብደት ሊመክት የሚችል ሌላ ሰው በሊጉ ብዙ አልነበረም፤ ሳቦኒስ በ35 ዓመቱ ያንን ሥራ ይሠራ ነበር። በመጨረሻው ሩብ ፖርትላንድ በ15 ነጥብ ይመራ ነበር። ከዚያ በኋላ ቡድኑ 13 ውርወራዎችን በተከታታይ ሳተ፤ ሌከርስ ደረሱበት፤ ሳቦኒስም ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ሲቀር ስድስተኛ ፋውሉን አግኝቶ ወጣ። ጨዋታው በሌከርስ አሸናፊነት 89 ለ84 አለቀ። ስለ ዳኞቹ እስከ ዛሬ የሚከራከሩ አሉ፤ ይሁንና ፈጥኖ ቦታ መያዝ የማይችል እግር ያለው ተከላካይ እንደ ኦኒል ባለ ሰው ፊት ዘግይቶ መድረሱ፣ ዘግይቶ የደረሰም በፋውል መቀጣቱ የማይቀር ነው። የ1987ቱ ጅማት በዚያ ምሽትም ዋጋ አስከፍሏል ማለት ይቻላል።

በ2001 ሳቦኒስ በአካልም በመንፈስም ደክሞኛል ብሎ ወደ ሊትዌኒያ ተመለሰ፤ አንድ ዓመት አረፈ። ከ17 ዓመቱ ጀምሮ ያገኘው የመጀመሪያው እውነተኛ ዕረፍት ሳይሆን አይቀርም። በ2002–03 ወደ ፖርትላንድ ሲመለስ በ38 ዓመቱ 78 ጨዋታ ተሰለፈ፤ በኤንቢኤ ቆይታው ከፍተኛው ቁጥር ነው። በዚያው ዓመት አማካይ ደቂቃው 15.5 ብቻ ነበር፤ እሱም ዝቅተኛው ነው። ብዙ ጨዋታ በጥቂት ደቂቃ፦ የዚህ ጥናት ሐሳብ በአንድ የመዝገብ መሥመር ላይ ተጽፎ ሲታይ ይህን ይመስላል።

ሌላው የካውናስ ግዙፍ

ጉዳቱ በራሱ ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት አንድ ሌላ ሰው ማንሣት ያሻል። ዚድሩናስ ኢልጋውስካስም የካውናስ ልጅ፣ የመሐል ተጫዋችና ከ2 ሜትር ከ20 የማያንስ ግዙፍ ነው። በ1996 ክሊቭላንድ 20ኛ አድርጎ መረጠው፤ የእግሩ አጥንት ተሰብሮ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ አልተጫወተም። በ1997–98 ደግሞ 82ቱንም ጨዋታ ተሰለፈ። ከዚያ በኋላ በመጡት ሦስት የውድድር ዘመናት ግን ክለቡ ካደረጋቸው 214 ጨዋታዎች የገባው በ29ኙ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ተስፋ በቆረጠበት ጊዜ ሐኪሞች እግሩን በቀዶ ሕክምና እንደገና አስተካክለው ሠሩት፤ ሸክሙ በአጥንቱ ላይ የሚያርፍበት መንገድ ተለወጠ። ከዚያ ወዲያ ኢልጋውስካስ በ2003 እና በ2005 ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ፣ በ2007 ለኤንቢኤ ፍጻሜ ደረሰ፣ ለክሊቭላንድ በጠቅላላው 771 ጨዋታ ተጫወተ፤ 11 ቁጥር ማሊያውም ለክብሩ ከአገልግሎት ወጣ።

ሁለቱ ጉዳዮች ተቃራኒ ናቸው። የኢልጋውስካስ ጉዳት ጨዋታዎችን ወሰደና ከሕክምናው በኋላ ለቀቀው። የሳቦኒስ ጉዳት ጨዋታዎችን ብዙም ሳይነካ በየጨዋታው ውስጥ አብሮት ኖረ። የተሰበረ አጥንት በትክክል ከተሠራ ሊጠነክር ይችላል፤ ሁለት ጊዜ ተበጥሶ ሳይጠግን ወደ ሥራ የተመለሰ ጅማት ግን የሚለምደው ሰው እንጂ የሚያድነው ሐኪም አያገኝም። በዚህም ላይ የዘመን ልዩነት አለ። ኢልጋውስካስ ሲጎዳ እንዲያርፍ የሚከፍለው ክለብ፣ ውሉን የሚያስከብርለት ማኅበር ነበረው። የ22 ዓመቱ ሳቦኒስ እነዚህ አንዳቸውም አልነበሩትም።

መጨረሻው ዘመን

በ2003 ሳቦኒስ ወደ ዛልጊሪስ ተመለሰ። የዚያ ዓመት የዩሮሊግ፣ የአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች ሊግ፣ መርሐ ግብር ለሱ ተብሎ የተሠራ ይመስል ነበር፤ በመጀመሪያው ዙር 14፣ በ16ቱ ቡድኖች ዙር 6፣ በድምሩ 20 ጨዋታዎች፣ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ። ሳቦኒስ በ39 ዓመቱ በአማካይ 16.7 ነጥብና 10.7 ሪባውንድ አስመዝግቦ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በኤንቢኤ ከአንድ ዓመት በፊት 6.1 ነጥብ ያገባ የነበረው ሰው ነው። የአውሮፓው ሊግ ከኤንቢኤ እንደሚቀል የታወቀ ቢሆንም ይህን ያህሉን ልዩነት የሚያስረዳ አይመስለኝም። በጨዋታና በጨዋታ መካከል ያለው ሳምንት ለእንደዚህ ያለ እግር መድኃኒት ነው።

ወደ መጨረሻዎቹ አራት ለመግባት ዛልጊሪስ በሚያዝያ 2004 ቴል አቪቭ ላይ ማካቢን ማሸነፍ ነበረበት። በእስራኤል የሚኖሩ አንባቢዎች ያንን ምሽት ያስታውሱታል፤ ዛልጊሪስ በሦስት ነጥብ እየመራ ሁለት ሰከንድ ያህል ሲቀር ሁለት ነፃ ውርወራዎችን ሳተ፣ ዴሪክ ሻርፕ ኳሱን ተቀብሎ ሰውነቱን አዙሮ ከሦስት ነጥብ ርቀት ወረወረ፣ ገባም። በተጨማሪው ሰዓት ማካቢ 107 ለ99 አሸነፈ፤ ከሳምንታት በኋላም በገዛ ከተማው ዋንጫውን አነሣ። ሳቦኒስ ከዚያ ወዲያ በዩሮሊግ አልተሰለፈም። በ2005 ጫማውን መስቀሉን ይፋ አደረገ፤ በ2010 ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ በ2011 ደግሞ የአሜሪካው ኔይስሚዝ የዝነኞች አዳራሽ ስሙን አሰፈሩት።